ኢንሱሊኑን በረዶ ያደረገው ፍሪጅ፦ የአንድ የደሴ ፋርማሲ ጉዳይ

በፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ፋርማሲ ባለቤት በኅዳር ወር ደውለው የነገሩኝ ችግር ሁለት እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር የያዘ ነበር። የመድኃኒት ፍሪጃቸው ታችኛው መደርደሪያ ላይ ከኋላ በኩል የተቀመጠውን ኢንሱሊን በረዶ ያደርገዋል፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ደግሞ ለብ ይላል። ጋዙን የሚገፋው ሞተር ማለትም ኮምፕሬሰሩም ቀንና ሌሊት አያርፍም። ከእኔ በፊት ሌላ ባለሙያ መጥቶ ጋዙን አስተካክሎ ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም።

ስደርስ መጀመሪያ ያሳዩኝ ፍሪጁን ሳይሆን አንድ ትንሽ ጠርሙስ ነበር። ኤን.ፒ.ኤች. የሚባለው ኢንሱሊን ደህና ሲሆን ደፍረስ ያለ ነጭ ፈሳሽ ነው፤ በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተደርጎ ሲንከባለል እኩል ይዋሃዳል። ያሳዩኝ ጠርሙስ ግን የቱንም ያህል ቢንከባለል አልዋሃድ ብሏል። ነጫጭ ቅንጣቶች ከታች ተሰብስበው፣ ሌሎቹ የጠርሙሱን ግድግዳ ውርጭ መስለው ይዘውታል። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ኃይሉ አይታመንም፤ መወገድ አለበት። ጥርት ብሎ የሚታየው ዓይነት ደግሞ የባሰ ነው፤ በረዶ ሆኖ ቀልጦ ምንም የሚታይ ምልክት ላይኖረው ይችላል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ አደጋ ነው።

«ወንድሜ፣ ጋዝ ነካክተህ ብቻ እንዳትሄድብኝ» አሉኝ። «ሰዎቹ እኔን አምነው ነው የሚወጉት።»

እኔም ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው። የቤት ፍሪጅ ሦስት ዲግሪ ቢዛባ ወተቱ ትንሽ ይበርዳል፤ ማንም አያስተውለውም። የመድኃኒት ፍሪጅ ሦስት ዲግሪ ሲዛባ ግን የስኳር ሕመምተኛ ምንም የማይሠራ መድኃኒት ተወግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ፍሪጁ ባለ መስታወት በር፣ የሰው ቁመት ያህል ያለው፣ በአር 134ኤ ጋዝ የሚሠራ ነው። ስም ሰሌዳው ላይ 160 ግራም ጋዝ ይላል። ቀዝቃዛው ክፍል ማለትም ኢቫፖሬተሩ ከኋላ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል፤ አየር የሚያዘዋውር ማራገቢያ የለውም። መቆጣጠሪያው ባለ ቁልፍ ሜካኒካል ቴርሞስታት ነው። ባለቤቷ ቀድሞ ኮምቦልቻ ይሠሩ በነበረበት ጊዜ ይኸው ፍሪጅ አብሯቸው ነበር፤ እዚያ ሳለ አንድም ቀን አላስቸገራቸውም። ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ከገባ በኋላ ነው ጠባዩን የለወጠው። ይህን እንደ ዋዛ ነበር የነገሩኝ፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ፍንጭ ይህ ነበር።

ጋዝ ከመንካቴ በፊት ሙቀት ለካሁ። ከዚያም በፊት መለኪያዎቼን አረጋገጥኩ። ቴርሞሜትር የሚፈተነው በሚቀልጥ በረዶ ነው፤ የተፈጨ በረዶ ከትንሽ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀልጥ ደሴም ሆነ ጅቡቲ ዜሮ ዲግሪ ነው። በፈላ ውኃ መፈተን ግን እዚህ አገር ያሳስታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መለኪያዎቹ በበረዶው ውስጥ ዜሮን ካሳዩ በኋላ እያንዳንዱን በትንሽ ውኃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ በመደርደሪያዎቹ ላይ አደረኳቸው፤ በር በተከፈተ ቁጥር የሚለዋወጠውን አየር ሳይሆን መድኃኒቱ ራሱ የሚደርስበትን ሙቀት ማወቅ ስለምፈልግ ነው። በማግሥቱ የተገኘው እንዲህ ነበር፦ ታች ከኋላ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ፣ መካከል 4፣ ላይ ከፊት 11።

የበሩን ጎማ በወረቀት ፈተንኩ፤ ደህና ይይዛል። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ኮንደንሰር በመንገድ አቧራ ተሸፍኖ ስለነበር ጠረግኩት፤ ለዚህ ዓይነት ሕመም ግን ምክንያት አይሆንም። ኤሌክትሪኩም ማምሻውን ትንሽ ዝቅ ቢልም ስታቢላይዘሩ ያስተካክለዋል።

ከዚያ በኋላ ጌጅ ማለትም የጋዝ ግፊት መለኪያ አገናኘሁ። የዝቅተኛው ግፊት መርፌ 14 ፒ.ኤስ.አይ. ላይ ነበር፤ ፒ.ኤስ.አይ. የግፊት መለኪያ አሃድ ነው። ባለቤቷ የቀድሞውን ባለሙያ ደረሰኝ አውጥተው አሳዩኝ፤ በጀርባው ላይ በእርሳስ «ከ18 ወደ 14 ወርዷል» ብሎ ጽፏል። ያገኘውንና የተወውን የሚጽፍ ባለሙያ ብዙ አይደለም፤ ይህ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ነገሩን ለማግኘት ብዙ እደክም ነበር። ሰውየው የሠራው በግዴለሽነት አልነበረም። ጋዙ በየትኛው ሙቀት ሲተን ምን ያህል ግፊት እንደሚኖረው የሚያሳየው የአር 134ኤ ሠንጠረዥ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 14.4 ፒ.ኤስ.አይ. ይላል። መርፌው 18 ላይ ሲያገኘው ጋዝ በዝቷል ብሎ ደምድሞ ሠንጠረዡ ያለው ቁጥር ላይ እስኪደርስ አስተነፈሰው።

ሠንጠረዡ ትክክል ነው፤ ጌጁም ትክክል ነው። ሁለቱ ግን የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያየ ቦታ ነው። ጌጅ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ብቻውን አይለካም፤ በውስጥ ባለው ግፊትና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው የሚያሳየው። ብዙዎቻችን በኪሳችን የምንይዘው ሠንጠረዥ የታተመው በባሕር ወለል ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን ይህም 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ደሴ ላይ ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ 11 ፒ.ኤስ.አይ. አይሞላም። ልዩነቱ 4 ፒ.ኤስ.አይ. ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ከውጭ የሚጫነው አየር ስለቀነሰ፣ ያው ጋዝ በያው ሙቀት ላይ ሆኖ ደሴ ላይ በጌጁ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ የሚተን አር 134ኤ እዚህ ማሳየት ያለበት 14 ሳይሆን 18 ነው። የቀድሞው ባለሙያ ያገኘው 18 እንግዲህ በትክክል መሆን የሚገባው ነበር።

14 ላይ ሲያወርደው ምን ሆነ? በደሴ አየር 14 ማለት ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ አካባቢ የሚተን ጋዝ ነው። ጋዙ ስላነሰ ኢቫፖሬተሩን በሙሉ አይደርሰውም፤ ከታች በሚገባበት በኩል ተኖ ያልቃል፤ ያ ክፍል ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፤ የላይኛው ክፍል ምንም ሳይደርሰው ይቀራል። የቴርሞስታቱ ቀጭን ቱቦ የታሰረው ደግሞ በኢቫፖሬተሩ መጨረሻ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ስለማይቀዘቅዝ ቴርሞስታቱ የመቁረጫ ሙቀቱን አያገኝም፤ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ታች ያለው ኢንሱሊን ይበርዳል፤ ላይ ያለው ይሞቃል። ያየነው ሁሉ በዚህ ተብራራ።

ሁሉ ግን አልተብራራም። የቀድሞው ባለሙያ የተጠራው ምን ሆኖ ነው? ባለቤቷን ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። ጋዙ ገና ሳይነካ፣ ደሴ በገቡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ታች ያሉት ጠርሙሶች በሌሊት በረዶ መሆን ጀምረው ነበር። ያኔ ላይኛው መደርደሪያ ደህና ነበር፤ ኮምፕሬሰሩም ረዥም ሠርቶ ይቆም ነበር። ይህ የጋዝ ሕመም አይደለም። ጋዙን በልኩ መልሼ ብሄድ ኖሮ ላይኛው መደርደሪያ ይድን፣ ታችኛው ኢንሱሊን ግን መብረዱን ይቀጥል ነበር።

ቴርሞስታቱን ፈታሁት። አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ በፋብሪካ የታሸገ ጥቂት ጋዝ አለ፤ ቱቦው ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ቤሎ ከሚባል፣ ከሚጨማደድና ከሚለጠጥ ቀጭን የብረት ኮሮጆ ጋር ይገናኛል። ኮሮጆው ሲለጠጥ መገናኛውን ይዘጋል፣ ኮምፕሬሰሩ ይሠራል፤ ሲጨማደድ ይከፍታል፣ ኮምፕሬሰሩ ይቆማል። ኮሮጆውን እንዲጨማደድ የሚገፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ጥምዝ ሽቦው ማለትም ስፕሪንጉ ሲሆን ሌላው በውጭ ያለው አየር ነው። ፋብሪካው ስፕሪንጉን ያስተካከለው በዝቅተኛ ቦታ ባለው አየር ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ስለቀነሰ ኮሮጆው እንደልቡ ይለጠጣል። እንዲጨማደድ ለማድረግ በውስጡ ያለው ግፊት ከወትሮው የበለጠ መውረድ፣ ማለትም ቱቦው ከወትሮው የበለጠ መቀዝቀዝ አለበት። ቁልፉ 3 ላይ ሆኖ ፍሪጁ 5 ላይ እንዳለ ይሠራል።

ይህን በቃል ብቻ መተው አልፈለግኩም። የተፈጨ በረዶ ላይ ጨው ጨምሬ በአንድ ሰፊ ኩባያ አዘጋጀሁ፤ በረዶና ጨው ከዜሮ በታች በደንብ ይወርዳል። የቴርሞስታቱን ቱቦ ጫፍና የቴርሞሜትሩን ጫፍ አንድ ላይ በክር አስሬ ቀስ እያልኩ አጠለቅኩ። መገናኛው ላይ መብራት ያለው መፈተኛ አድርጌአለሁ። በአምራቹ ሠንጠረዥ መሠረት በመካከለኛው ቁጥር ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ላይ መቁረጥ ነበረበት። 8 አለፈ፣ መብራቱ አልጠፋም። 9፣ 10። ልክ 11 ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ ጠፋ። ደግሜ አሞቅኩትና ደግሜ አጠለቅኩት፤ ያው ነው። ቴርሞስታቱ አልተበላሸም፤ በየጊዜው በአንድ ቦታ ይቆርጣል፤ ቦታው ግን ሦስት ዲግሪ ወርዷል። በሒሳብም ይገጥማል። በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ከአር 134ኤ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ በዚያ የሙቀት ክልል አንድ ዲግሪ ወደ 8 ኪሎ ፓስካል ገደማ ያክላል፤ በባሕር ወለልና በደሴ መካከል ያለው ልዩነት 26 ኪሎ ፓስካል ነው።

ታዲያ ኮምቦልቻ ሳለ ለምን አልታየም? ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ወደ 81 ኪሎ ፓስካል ነው። ፍሪጁ እዚያም ከፋብሪካው ልክ በታች እየቆረጠ ነበር ማለት ነው፤ ወደ ደሴ መውጣቱ የጨመረበት አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ይህች ትንሽ ጭማሪ ብቻዋን ኢንሱሊን አታበርድም። ከእርሷ ጋር የደሴ የኅዳር ሌሊት ተጨመረ። ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ቁር ፋርማሲው ውስጥ ሲገባ፣ ማሞቂያ የሌለው ክፍል ሌሊቱን በጣም ይቀዘቅዛል፤ ወደ ፍሪጁ የሚገባ ሙቀት ስለሚያንስ ከኋላ ግድግዳው አጠገብ ያለው ዕቃ የግድግዳውን ቅዝቃዜ ይወስዳል። በሞቃታማዋ ኮምቦልቻ በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባው ሙቀት የቴርሞስታቱን ስህተት ሲሸፍነው ኖሯል።

ጥገናው ከምርመራው አጭር ነው። በፍሪጁ ውስጥ የቀረውን ጋዝ ወደ መሰብሰቢያ ሲሊንደር አወጣሁት፤ ሲመዘን 112 ግራም ሆነ፤ 160 መሆን ነበረበት። ጋዙን ወደ አየር አለመልቀቄን ደንበኞች አንዳንድ ጊዜ ትርፍ ልፋት ያደርጉታል። አር 134ኤ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,400 እጥፍ በላይ ምድርን የማሞቅ ኃይል አለው፤ አንድ ፍሪጅ ላይ ያለው ጋዝ ትንሽ ይምሰል እንጂ ትንሽ አይደለም። ከዚያ ናይትሮጅን ሞልቼ በሳሙና አረፋ ብየዳዎቹን ሁሉ መረመርኩ፤ የሚያፈስ የለም። ሲስተሙ ስለተከፈተ እርጥበትና ቆሻሻ የሚይዘውን ፊልተር ድራየር ቀየርኩ።

ከቱቦዎቹ አየርና እርጥበት የሚያወጣው የቫኩም ፓምፕ ሲሠራ ሌላ ነገር ተገለጠ፤ ያነሳሁት ለብዙ ወጣት ባለሙያዎች ስለሚጠቅም ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መርፌውን እያየ «ጋሼ፣ ፓምፑ ደክሟል መሰለኝ፤ 22 ላይ ቆመ» አለኝ። በመጻሕፍቱ ላይ ሙሉ ቫኩም 30 የሜርኩሪ ኢንች ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ይህም የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ደሴ ላይ የውጭው አየር ራሱ 22 ኢንች ብቻ ስለሚመዝን፣ ውስጡ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ መርፌው ከ22 አያልፍም። ኮምቦልቻ ላይ ወደ 24 ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ደህና ፓምፕ ተጥሎ አዲስ ሲገዛ አይቻለሁ። ከዚያም የከፋው ሌላ ነው፤ መርፌው 22 ላይ ከቆመ በኋላ ገና እርጥበት ይኑር አይኑር መርፌው መለየት አይችልም። ለዚህ የኤሌክትሮኒክ ቫኩም መለኪያ ያስፈልጋል። እርሱ ፍጹም ግፊትን ስለሚለካ ከፍታ አያሳስተውም። 500 ማይክሮን፣ ማለትም ባዶ ሊባል የሚችል ግፊት፣ እስኪደርስ አስኬድኩት፣ ቫልቩን ዘግቼ ጠበቅኩ፤ ቁጥሩ አልተነሣም።

ጋዙን የሞላሁት በጌጅ ሳይሆን በሚዛን ነው፤ 160 ግራም። ሚዛን የአየር ግፊትን አይጠይቅም፤ ለዚህ ነው አነስተኛ ፍሪጅ ሲሞላ ከሚዛን ሌላ ነገር የማልወደው። ኮምፕሬሰሩ ሠርቶ ከተረጋጋ በኋላ መርፌውን አየሁ፤ 18 አካባቢ ነበር። የቀድሞው ባለሙያ ያገኘው ቁጥር።

ቴርሞስታቱን በተመለከተ ሁለት መንገድ ነበር። ብዙ ሜካኒካል ቴርሞስታቶች ከቁልፉ ሌላ አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አላቸው፤ የተሠራችው በትክክል ለከፍታ ነው። ብሎኗን ጥቂት በጥቂት እያዞርኩ፣ በየጊዜው በጨው በረዶው እየፈተንኩ የመቁረጫውን ቦታ ወደ ላይ አመጣሁት። ለቤት ፍሪጅ ይህ ይበቃ ነበር። ለኢንሱሊን ግን አልረካሁበትም፤ ምክንያቱም ይህ ቴርሞስታት የሚያየው የግድግዳውን ሙቀት እንጂ የመድኃኒቱን አይደለም። ስለዚህ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ጨመርኩ። የእርሱ ሴንሰር ሙቀትን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ከአየር ግፊት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ሴንሰሩን ግሊሰሪን ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቼ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሰርኩት። 4 ዲግሪ ላይ እንዲያቆም፣ 6 ላይ እንዲያስነሣ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ኮምፕሬሰሩ ከመነሣቱ በፊት 5 ደቂቃ እንዲጠብቅ አደረግኩ።

አሮጌውን ቴርሞስታት አላወጣሁትም። ከዲጂታሉ ጋር በአንድ መሥመር፣ በተከታታይ አስገባሁት፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እንዲቆርጥ አድርጌ። የዲጂታሉ መገናኛ አንድ ቀን ተቃጥሎ ሳይከፈት ቢቀር ኮምፕሬሰሩ ሌሊቱን ሙሉ እንዳይሠራ አሮጌው ያስቆመዋል። ባለቤቷ ትርፍ ወጪ እንዳልሆነ ጠየቁኝ፤ ዕቃው እዚያው ስለነበር የጨመረው የሁለት ሽቦ ሥራ ብቻ ነው። ከኋላ ግድግዳው ፊት ለፊት ደግሞ ጠርሙስ እንዳይነካው የፕላስቲክ መረብ ቆመ። ታች፣ መድኃኒት ሊቀመጥበት በማይገባው ቦታ፣ በውኃ የተሞሉ ጠርሙሶች ተደረደሩ፤ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ይዘው ይቆያሉ።

በማግሥቱ በእነዚያው መለኪያዎች የተገኘው፦ ታች ከኋላ 3.6፣ መካከል 4.7፣ ላይ ከፊት 5.9 ዲግሪ። ሙቀት መዝጋቢ ትቼላቸው ስለነበር የሌሊቱንም አየን፤ ዝቅተኛው 3.1 ነበር። ቀን በገበያ ሰዓት በሩ ሲመላለስ ከፍተኛው 6.8። መብራት ለሦስት ሰዓት በጠፋበት ቀን መካከለኛው መደርደሪያ 7.4 ደርሶ ተመለሰ። ከ2 እስከ 8 ባለው አጥር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ከጠፋ ግን የበረዶ ሳጥን መዘጋጀት እንዳለበት ተነጋግረናል።

ታች የነበረው ኢንሱሊን በሙሉ እንዲወገድ ተለይቶ ተቀመጠ፤ ጥርት ያለውም ጭምር። ይህ የባለቤቷ ውሳኔ ነው። ኪሳራው ከጥገናው ዋጋ በላይ ነበር፤ አላመነቱም።

በሙያው ውስጥ ያለነው ግን ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር አለ። በደሴና በኮምቦልቻ የማቀዝቀዣ ሥራ የሚማሩ ወጣቶች ሠንጠረዡን ሲቀበሉ፣ ሠንጠረዡ የተሠራበትን ቦታም አብረው መማር አለባቸው። የጌጁን ንባብ በባሕር ወለል ሠንጠረዥ ላይ ከመፈለጋቸው በፊት ደሴ ላይ 4፣ ኮምቦልቻ ላይ 3 ፒ.ኤስ.አይ. ይቀንሱ። ለቤት አየር ማቀዝቀዣ፣ ግፊቱ ከመቶ በላይ ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት ብዙ አይጎዳም። ለፍሪጅና ለፍሪዘር ግን፣ ሙሉው ግፊት ራሱ 14 ወይም 18 በሆነበት፣ 4 ማለት ሩብ ያህል ነው። እኔ ለሁለቱም ከተሞች የተስተካከለውን ቁጥር በጌጄ ሣጥን ክዳን ውስጥ ለጥፌአለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅም ገልብጦ ወስዷል።

ባለቤቷ በጓዳ ሌላ አነስ ያለ ፍሪጅ አላቸው፤ የዓይን ጠብታና ኦክሲቶሲን የተባለውን የወሊድ መድኃኒት የሚያስቀምጡበት። ምንም ቅሬታ አልነበረባቸውም፤ እንድለካላቸው ግን ጠየቁኝ። ታች ከኋላ 1.4 ዲግሪ ተገኘ። በረዶ አልሆነም፤ ከ2 ግን ወርዷል። እርሱም ባለ ሜካኒካል ቴርሞስታት ነው፤ ጋዙን ማንም አልነካውም። ብሎኑን አስተካክዬ እርሱም ከ3 በላይ ወጣ፤ ለእርሱም ዲጂታል መቆጣጠሪያ እንዲገባለት ታዟል።